ነጥብ ያልተደረገባቸው ቀናት

ሀዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፋጡማ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማማስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። "ደህና ነኝ" የምትለውን ቃል እንደማታምኛት አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አራት ዓመት አንድ ዶርም ተኝተን፣ ሁለታችንም ራሳችንን በሻሽ ጠፍረን፣ መጋረጃ ጋርደን ስንጋደም፣ ለጠየቀን ሁሉ "ደህና" ስንል የኖርን ነን።

ደብዳቤሽን ወንድምሽ ሰኢድ ፒያሳ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። ከኮምቦልቻ ጨርቅ የጫነውን መኪና ከከተማው ዳር አቁሞ በባጃጅ ነው የመጣው። "እህቴ ሹፌርነቴን አስትታ ፖስታ ቤት አድርጋኛለች" ሲል አለቃዬ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ያ ሳቅ የማያውቅ ጠበቃ፣ እንኳ ፈገግ አለ። ለምን አትደውዪም ላልሽው፣ እናንተ ጋ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። እኔም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ውዬ ደግሞ የስልክ ብርሃን ካየሁ ግራ ዓይኔ ሥር መውጋት ይጀምረኛል። ወረቀት አይወጋም።

ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ። የፈራሽው ዕጢ የለም፤ እንዳንቺው ማይግሬን ነው። በወር የምውጠውን ማስታገሻ ብዛት ስነግረው ደነገጠ፤ "እሱ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ያመጣብሻል" አለኝ። ከዚያ ሕመሙ እንዳይመጣ በየቀኑ የሚወሰድ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ፤ ለደም ግፊትም ይሰጣል። አስም ላለበት ሰው አይሆንም ብሎ፣ አስም እንዳለብኝ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ከመስከረም ጀምሮ የምትወስደው አሚትሪፕትሊን አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁልሽ። "ሁለቱም ሰው ረድተዋል። አንቺን የሚረዳሽ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ፤ የሚያውቀው ደብተርሽ ነው" አለኝ። ያመመኝን ቀን ነጥብ ማድረግ፣ ያላመመኝን ባዶ መተው፣ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላም አለመፍረድ።

እንግዲህ ያልሽው ይሁን። ደብተሬን እየገለበጥኩ እልክልሻለሁ፤ አንቺም ያንቺን ላኪልኝ። ከሁለቱ የተሻለውን እናያለን።

እህትሽ ወንጌላዊት


ወሎ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ወንጌሌ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የእማዬ ጉልበት አልሐምዱሊላህ ተሽሎታል። ምላሷ ድሮም አልታመመ፤ "ያቺ የሀዋሳዋ ልጄ ሳታገባ አረጀች ወይ?" ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ነጥቦቼን ጠይቀሻል። መስከረም አሥራ ሁለት፣ ጥቅምት ዘጠኝ፣ ኅዳር ስድስት። ግማሽ በግማሽ ወረደ ማለት ነው፤ እኛ አዋላጆች የተማርነውም ከዚህ በላይ ቃል አይገባም። ታዲያ ለምን ታማርሪያለሽ አትበይኝ። ይህን ኪኒን ስውጥ የሚመጣው እንቅልፍ አይደለም፣ ጉድጓድ ነው። አፌ ይደርቃል። ወፍሬ ጋዎኔም አልቆለፍ ብሎኛል፤ እሱንስ ተይው። ባለፈው ሳምንት ተረኛ ሆኜ፣ ጎህ ሲቀድ ምጥ የያዛት እናት ይዘው መጥተው በር ሲያንኳኩ አልሰማሁም። ሳምሪ፣ አዲሷ ተለማማጅ አዋላጅ፣ መጥታ በትከሻዬ ወዝውዛ ነው የቀሰቀሰችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ተንኳኩቶ ያልሰማሁት በር የለም። ያን ቀን አፈርኩ፣ ፈራሁም።

አንቺ ራስሽን ቢያምሽ ማመልከቻው ነገ ይጻፋል። ምጥ ግን ነገ አይባልም። ከማዋለድ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ይህን ጋዎን አውልቂ ካሉኝ የቀረችው ፋጡማ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ሲያመኝም ልሠራ አልችልም፣ ሲያስተኛኝም ልሠራ አልችልም። ያንቺኛው አያስተኛም ይላሉ። ስለዚህ ደብተርሽን እንደ ደመወዝ ነው የምጠብቀው፤ እንዳታዘገዪብኝ።

ፋጤሽ


ሀዋሳ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፋጡማ፣

እንደምን ከርመሻል? ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የቢሮ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የታኅሣሥና የጥር ገጾች እዚሁ ፖስታ ውስጥ አሉልሽ። እንደምታዪው ነጭ ናቸው።

በሰኢድ ለላክሽው ጥያቄ፣ አዎ፣ ተጸልዮልኛል። ኪኒኑን በጀመርኩ በሳምንቱ እትዬ አልማዝ ጸለዩልኝ። እዚሁ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ የምከራይባቸው ሴት ናቸው፤ ባለቤታቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው እስኪያልባቸው ጸለዩ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥን ሙሉ አንድም ቀን አልመጣብኝም። ከገና ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ሁሌ የምዘምርበት መድረክ ላይ ወጥቼ ጌታ እንደፈወሰኝ መሰከርኩ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ፤ እትዬ አልማዝ አለቀሱ። አሁን መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች "የተፈወሰችው ዘማሪት" እያሉ ሰላም ይሉኛል። ስለ ኪኒኑ ተናገርሽ ወይ ብትዪኝ፣ አልተናገርኩም። ጸሎቱም ኪኒኑም ከእግዚአብሔር ነው፤ ምን ልዩነት አለው?

ደብተሩን እትዬ አልማዝ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አይተውት "ልጄ፣ ጌታ የደመሰሰውን ለምን ቆጥረሽ ትይዣለሽ?" አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ለእኔ አስበው ነው። ከዚያ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ከኪኒኑ ያየሁት ጉዳት እጄ መቀዝቀዙና ደረጃ ስወጣ መድከሜ ነው። ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም። እማማን ሳሚልኝ።

ወንጌላዊት


ወሎ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንጌሌዋ፣

እሰይ! ገጾቹን ለሳምሪ ሳይቀር አሳየኋት። ሁለት ወር፣ አንድ ነጥብ የለ! እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ውጤት ያየሁት መድኃኒት በሚሸጡ ሰዎች አፍ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢልክልኝ "ቀጣፊ" ብዬ እመልስለት ነበር። አንቺ ግን በዶርም አራት ዓመት ያለቀ ስኳር እንኳ እኔ ነኝ የጨረስኩት ብለሽ የምትናዘዢ ሴት ነሽ።

ቆርጫለሁ። ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ የኔን ኪኒን ከየካቲት መግቢያ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀንሼ፣ አሁን ያንቺን ይዣለሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ ባዶ ገጾችሽን አሳየሁት። "ያንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል" ብሎ ጻፈልኝ። በርግጥ እንቅልፉ ለቆኛል፤ በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድሜ የምነሳው እኔ ሆኛለሁ። ነጥቦቹ ግን ወደ ስምንት ወጥተዋል። ገና መጀመሪያው ነው መሰለኝ። ያንቺም መጀመሪያ ላይ እንዲህ አድርጎሽ ነበር? ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል፤ መጾም እንደሚያስነሳብኝ ታውቂያለሽ። ልታገስ ወይስ ልመለስ? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ፋጤ


ሀዋሳ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋጡማ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ልታገስ ወይ ላልሽው፣ ከጾሙ ይሆናል፣ ትንሽ ታገሺ። ሐኪሙም ሦስት ወር ብሎ ነበር። የየካቲትን ገጽ ለምን አልላክሽም ብለሽ በሰኢድ ለጠየቅሽኝ፣ ረስቼው ነው፤ እልክልሻለሁ።

ሌላም ልጽፍልሽ የፈለግሁት ነገር ነበር። ሰኢድ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ጸልዪልኝ፣ በምታውቂው መንገድ።

ወንጌላዊት


ወሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንጌሌ፣

ይህን የምጽፍልሽ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ነው። ከማዋለጃ ክፍል አንስተውኛል። ስለዚያ ቀን አትጠይቂኝ፤ ሰኢድ የሚያውቀውን ይነግርሻል። እናቲቱም ሕፃኑም በሕይወት አሉ፤ እሱን ብቻ ከኔ ስሚ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ዓይኔ ፊት ያ ከሕመሙ የሚቀድመው ብልጭልጭ ጀምሮ የምታምጠው ሴትዮ ግማሽ አካል ሲሰወርብኝ፣ ዝም ብዬ በዳሰሳ ልጨርሰው እችል ነበር፤ የስንት ዓመት ልማድ አለኝ። አልደፈርኩም። "አላይም! ሳምሪ ተረከቢኝ!" ብዬ ጮህኩ። ዘመዶቿ በር ላይ ቆመው ሰሙ። አሁን አገሩ ሁሉ "ዓይኗ የሚጠፋው አዋላጅ" ይለኛል። ገበያ መውጣት ትቻለሁ።

መጋቢት አሥራ ሦስት፣ ሚያዝያ አሥራ አራት። የመጋቢትን በጾሙ አመካኘሁ። የሚያዝያን በምን ላመካኝ? አንቺን እንዲያ ነጭ አድርጎ እኔን እንዲህ ሲያደርገኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ። ያደረግሽው የተለየ ነገር ካለ፣ ሰዓቱም ይሁን መጠኑ፣ ምግቡም ይሁን፣ እባክሽ ጻፊልኝ። ሞኝ ነገር ቢመስልሽም ጻፊልኝ።

ፋጡማ


ሀዋሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋጤ፣

ሰኢድ ነገረኝ። ሳምሪ ብቻዋን ስታዋልድ፣ ሕፃኑ ለማልቀስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ የሴትየዋ ወንድም በሰው ፊት የሰደበሽን ስድብ፣ አንቺ ራስሽን ይዘሽ ግድግዳ ሥር መቀመጥሽን። ሲነግረኝ አላየኝም፤ ወደ መንገዱ እያየ ነበር የሚያወራው።

ያደረግሁት የተለየ ነገር አለ። ዋሸሁሽ።

ታኅሣሥ እውነት ነበር። በመሰከርኩ በአምስተኛው ቀን ግን ተመለሰ። ሽንት ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ሳስመልስ እትዬ አልማዝ "ምነው ልጄ?" አሉኝ፤ "የበላሁት ነገር ነው" አልኳቸው። ነጥቧን ላደርግ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄ እንቢ አለኝ። ነጥቧን ካደረግኋት ጉባኤ ፊት የተናገርኩት ሐሰት ሊሆን ነው፤ ካላደረግኋት እንዳልመጣ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጅልነት ያሰብኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የቢሮው የቀጠሮ መዝገብ ጠርዝ ላይ ግን በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ላይ ቆጥሬልሻለሁ፤ ጥር ስምንት፣ የካቲት ዘጠኝ፣ መጋቢት አሥራ አንድ፣ ሚያዝያ አሥር። ኪኒኑን ሳልጀምር ከነበረብኝ የሚለይ አይደለም።

መጀመሪያ ገጹን ስልክልሽ የምደብቀው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ መስሎኝ ነበር። አንቺ የሚረዳሽን ትተሽ በባዶ ገጼ ላይ ትቆሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ከጻፍሽልኝ በኋላ ግን ዐወቅሁ። ዐውቄም "ከጾሙ ይሆናል፣ ታገሺ" አልኩሽ። እሷ ናት ትልቋ በደሌ፤ የምታሳፍረኝም እሷ ናት።

ወደ ኪኒንሽ ተመለሺ። ይህንኛውን በአንዴ አታቋርጪው ልል ነበር፤ ላንቺ እኔ ማን ነኝ የምመክርሽ?

ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ወንጌላዊት


ወሎ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንጌላዊት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ተቆጥታለች ወይ ብለሽ ሰኢድን ጠይቀሻል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። የራሴን ጥፋት እወስዳለሁ፤ በአንድ ሰው ደብተር መድኃኒት እንደማይመረጥ ተምሬ ለበሽተኛ የማልፈቅደውን ለራሴ ፈቀድኩ። የቀረው ያንቺ ነው። አንቺ ሰው ፊት ቆመሽ "ተፈወስኩ" ብለሽ ተከበርሽ፤ እኔ ሰው ፊት "አላይም" ብዬ ተዋረድኩ። ዛሬም ድረስ አንቺ ዘማሪት ነሽ፣ እኔ ካርድ አውጪ ነኝ። ይህን ሳስብ ይቅርታው ከአፌ አይወጣም።

ወደ ኪኒኔ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ መጠኑን አሳንሶ፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እንድወስደው አድርጓል፤ እንቅልፉ እንደ ድሮው አያሰጥመኝም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እስከ ነሐሴ ድረስ ቁጠሪና እንነጋገር ብሎኛል። ከዚያ ካልሆነ ማዋለድ እዚህ ላይ አበቃ።

አትጻፊልኝ አልልሽም።

ፋጡማ


ሀዋሳ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፋጡማ፣

ያልሽኝ ሁሉ ልክ ነው። ያደረግሁትን ብቻ እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሜ ለሽማግሌው፣ ለእትዬ አልማዝ ባለቤት፣ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ለደካሞች መሰናክል ትሆኛለሽ፤ በግል ንስሐ ግቢ" አሉኝ። "መሰናክል የሆንኩት ስዋሽ ነው፤ የዋሸሁትም በአደባባይ ነው" አልኳቸው። ፈቀዱልኝ።

እሑድ ዕለት እዚያው መድረክ ላይ ወጣሁ። "ተፈወስኩ ብያችሁ ነበር፤ ሕመሙ በሳምንቱ ተመልሷል። ኪኒን እየወሰድኩ ደብቄያችኋለሁ። ውሸቴም ሩቅ ያለች እህቴን ጎድቷታል" አልኩ። አሜን ያለ የለም። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አንዳንዱ ወጥቶ ሄደ። ከመዘምራኑ "ለጊዜው እረፊ" ተብያለሁ። መንገድ ላይም ሰላምታው ቀንሷል። አልቅሻለሁ፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ እትዬ አልማዝ ወደ ክፍሌ ገቡ። ቤቱን ልቀቂ ሊሉኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። መጋረጃውን ራሳቸው ጋረዱና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"በወር ስንት ቀን ነው ያንቺ?" አሉኝ።

"አሥር፣ አሥራ አንድ።"

"የኔ አሥራ አራት አሥራ አምስት ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመቱ" አሉ።

ፋጤ፣ እኒያ ሴት እጃቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው ሲጸልዩልኝ የራሳቸው ራስ ይፈልጣቸው ነበር። "ላንቺ ከለቀቀሽ ለኔም ይለቀኛል ብዬ ነበር" አሉኝ። ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም። የቱን ኪኒን ልግዛ ብለው ጠየቁኝ። "ለእኔ ያልሆነው ለእርስዎ ሊሆን ይችላል፣ የሆነውም ላይሆን ይችላል። ሐኪም ይይዎት፤ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ። የማውቀው መቁጠሩን ብቻ ነው" አልኳቸው። ሐሙስ ቀጠሮ አለን።

እኔም ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ያንቺን ኪኒን ጀምሬአለሁ። የሰኔን ገጽ ልኬልሻለሁ፤ ዘጠኝ ነጥብ አለበት። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንድትምሪኝ አይደለም። በኔ በኩል ከእንግዲህ የተደበቀ ነገር እንደሌለ እንድታውቂ ነው።

ወንጌላዊት


ወሎ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንጌሌ፣

ዝም ያልኩሽ እስኪለይልኝ ድረስ ነው። ነጥቦቼን በሰኢድ ጠይቀሻልና ልንገርሽ፤ ሰኔ ሰባት፣ ሐምሌ አምስት፣ ነሐሴ እስካሁን አንድ። ደብተሬን ለኃላፊው አቀረብኩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ሰው ለራሱ ሲጽፍ የፈለገውን አይጽፍም?" አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ያንቺን ነጭ ገጾች ሳስብ ግን እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ሳምሪ ናት ተነስታ "ሲያማት 'አላይም' ብላ በሰው ፊት የተናገረች ሴት ወረቀት ላይ ትዋሻለች?" ያለችው። ኃላፊው ጭንቅላቱን አከከ። ማዋለድ ተፈቅዶልኛል፤ ግን ብቻዬን አይደለም፣ ሌላ አዋላጅ ባለበት ነው። ምሽት ተረኛነት ለጊዜው የለም። ይሁን፤ እሱም ልክ ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ገባች። የመጀመሪያዋ ነው፤ ፍርሃቷ ከምጧ ይብስ ነበር። አማቷ ገና ሲያዩኝ "ይቺ ዓይኗ የሚጠፋው አይደለችም እንዴ? ሌላ ሰው የለም?" አሉ። ድሮ ብሆን "የሰው ወሬ ነው እማማ" ብዬ በሳቅ አልፋቸው ነበር። ያንቺ የሰኔ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "በሽታው አለብኝ፤ መድኃኒቱንም እየወሰድኩ ነው። ዛሬ ይታየኛል። መታየት ካቆመ በዚያችው ደቂቃ እናገራለሁ፣ ይቺ ሳምሪ ትረከበኛለች።"

አማትየዋ ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷ ግን አልጋው ላይ ሆና ክንዴን ያዘች። "እሷ ትሁን" አለች። "ሌሎቹ የሚሆነውን አይነግሩኝም።"

ወንድ ልጅ ነው፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ገና እግሩ ሳይወጣ ማልቀስ ጀመረ። እጄን ታጥቤ ስጨርስ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ከዚያም ይቅር አልኩሽ። እስከዚያች ሰዓት አላልኩሽም ነበር፣ አሁን ግን ብያለሁ። ለእትዬ አልማዝ ሰላም በይልኝ፤ ነጥባቸውን አብረን እንድንቆጥርላቸው ሐኪሙ የሰጣቸውን ኪኒን ስሙንና መጠኑን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ፋጤ